የፑል ተጫዋቾችን ወቅታዊ አቋምና ደረጃ መከታተል፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በጀሞ ፑል ቤት ተራ የሚጠብቅ ሰው በአንድ እጁ ስቲክ ይዞ በሌላው ስልኩን ይነካካል። የሚያየው ብዙ ጊዜ የእግር ኳስ ውጤት ነው። የፑል ውድድር የሚከታተለውም ግን እየበዛ ነው፣ ጨዋታውን በእጁ ስለሚያውቀው ደግሞ ከማንም ይልቅ ሊገባው ይችላል። የሚያደናግረው ቁጥሩ ነው።

ወቅታዊ አቋም ማለት ተጫዋቹ በዚህ ሰሞን እንዴት እየመታ እንደሆነ ነው። ደረጃ ደግሞ እስካሁን የሰበሰበው ነው። አንዱን በሌላው ቦታ የሚያነብ ሰው ግምቱ ዘወትር ይሳሳታል። በፑል ይህ ስህተት ከእግር ኳስ ይልቅ በቀላሉ ይደርሳል፤ ምክንያቱ ከጨዋታው ደንብ ይጀምራል።

ውጤቱ የሚደብቀው

በዳርቻው ሰፈሮች በብዛት የሚጫወቱት ስምንት ኳስ ነው፤ ሙሉና ባለ መስመር ተካፍለው፣ ጥቁሯን መጨረሻ ላይ የሚያስገቡበት። ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ውድድሮች በአብዛኛው ዘጠኝ ኳስ ናቸው። በዘጠኝ ኳስ ነጯ አስቀድማ መንካት ያለባት ጠረጴዛው ላይ ካሉት ኳሶች ትንሹን ቁጥር ነው። ዘጠኟን በሕጋዊ ምት ያስገባ ጌሙን ይወስዳል፤ የቀሩትን ስምንት ኳሶች ማን አስገባቸው ተብሎ አይጠየቅም። ስለዚህ አንዱ ከአንድ እስከ ስምንት አጽድቶ ዘጠኟን ቢስት፣ ሌላው ከወንበሩ ተነስቶ አንዲቷን ያስገባና ውጤቱ 1 ለ 0 ተብሎ ይጻፋል። ሰሌዳው ላይ የታየው አሸናፊ በዚያ ጌም የመታው አንድ ምት ብቻ ነው።

ጠረጴዛውም ይለያል። የባለሙያዎቹ ባለ 9 ጫማ ሲሆን መጫወቻው 254 በ127 ሴንቲሜትር ነው። በየሰፈሩ የሚገኘው ባለ 7 ጫማ ግን 198 በ99 ገደማ ነው። የኳሷ ስፋት 57.15 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ 11.4 ሴንቲሜትር የሆነ የማዕዘን ጉድጓድ ሁለት ኳስ ጎን ለጎን ልክ ይይዛል። በቅርብ ዓመታት በትልልቅ ውድድሮች ጉድጓዱ ወደ 10 ሴንቲሜትር ጠብቧል። እኛ ሰፈር ጠርዙን ታክካ የምትገባ ኳስ እዚያ አፉ ላይ ተንቀጥቅጣ ትቀራለች። «ይሄንን እንዴት ሳተ?» ከማለት በፊት ይህን ማሰብ ይገባል።

ድልድሉን ማንበብ

የዓለም ፑል ሻምፒዮና በቅርብ ዓመታት የሚጀመረው በ128 ተጫዋች ነው። የመጀመሪያው ክፍል ደብል ኢሊሚኔሽን የሚባለው ነው፤ ተጫዋች የሚሰናበተው ሁለት ጊዜ ሲሸነፍ ነው። በመጀመሪያው ዙር 64 ግጥሚያ ይደረግና 64 ተጫዋቾች ወደ ተሸናፊዎች መስመር ይወርዳሉ። አሸናፊዎቹ እርስ በርስ ተጋጥመው 32ቱ ሳይሸነፉ በቀጥታ ያልፋሉ። ከታች ደግሞ የወረዱት 64 ይጋጠሙና 32ቱ ይሰናበታሉ። የተረፉት 32፣ ከላይ አሁን ከወረዱት 32 ጋር ተጋጥመው ሌላ 32 አላፊ ይወጣል። በጠቅላላው 64 ይሆናሉ፣ እስከዚያ 160 ግጥሚያ ተደርጓል። ከዚያ በኋላ ተራ ጥሎ ማለፍ ነው፤ በ63 ግጥሚያ ሻምፒዮኑ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ቀን «ተሸነፈ» የተባለ ተጫዋች አልወጣም፤ ዋንጫውንም ሊያነሳ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሳይሸነፍ ያለፈው ሁለት ግጥሚያ ሲያደርግ በታች በኩል የመጣው ሦስት አድርጓል። የጠረጴዛውን ጨርቅ ፍጥነትና የጉድጓዱን አፍ የለመደው ይሄኛው ነው። በ64ቱ ዙር ከታች የመጣ ተጫዋች ሳይሸነፍ ያለፈውን ሲጥል እንደ ተአምር ባይታይ ጥሩ ነው።

የአቋም ደብተር

አቋም የሚነበበው ከአሸናፊነት ብዛት ይልቅ ከጌም ብዛት ነው። ሁለት ተጫዋቾች፣ ቀድሞ 9 ጌም የወሰደ የሚያሸንፍበት አምስት አምስት ግጥሚያ አድርገው ሁለቱም ሦስት አሸንፈው ሁለት ተሸነፉ እንበል። የአንዱ ውጤት 9 ለ 4፣ 9 ለ 7፣ 6 ለ 9፣ 9 ለ 8፣ 7 ለ 9 ነው። የሌላው 9 ለ 2፣ 8 ለ 9፣ 9 ለ 3፣ 8 ለ 9፣ 9 ለ 1 ነው። ሰንጠረዡ ላይ እኩል ናቸው። ሲደመር ግን የመጀመሪያው 40 ጌም ወስዶ 37 ሰጥቷል፤ ይህ 52 በመቶ ነው። ሁለተኛው 43 ወስዶ 24 ሰጥቷል፤ 64 በመቶ። ሁለቱም ሽንፈቶቹ በመጨረሻው ጌም የመጡ ናቸው። ለሚቀጥለው ሳምንት መታየት ያለበት ይሄኛው ነው።

የፍጻሜ ጨዋታም በዚህ ዓይን ይታያል። በ2024 ጅዳ ላይ ፌዶር ጎርስት ኤክለንት ካቺን 15 ለ 14 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2025 እዚያው ካርሎ ቢያዶ ጎርስትን 15 ለ 13 ረታ። ታሪክ የሚጽፈው አንድ ስም ነው። በ29 ጌም ውስጥ በአንድ ጌም የተለያዩ ሁለት ሰዎች ግን በዚያ ሳምንት አቋማቸው አንድ ነበር።

ጨዋታውን በቪዲዮ ማየት የሚችል ከዚህም በላይ መሄድ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መለኪያ ቀላል ነው፤ ተጫዋቹ ያስገባቸውን ኳሶች ቆጥሮ፣ ያስገባቸውና ስህተቶቹ ተደምረው በሚሰጡት ቁጥር ማካፈል። 72 ኳስ አስገብቶ 6 ስህተት ከሠራ፣ 72 ለ78 ሲካፈል 0.923 ይመጣል። ከ0.900 በላይ የላቀ ጨዋታ ነው። ስህተት የሚባለው መሳት ብቻ አይደለም። ኳሷን አስገብቶ ነጯን ለሚቀጥለው ምት በማትመች ቦታ መተው፣ ነጯን ከሌላ ኳስ ጀርባ ለመደበቅ ሞክሮ ለተቃራኒው ክፍት መተው፣ ከተደበቀበት ለመውጣት ሞክሮ ቁጥሯን አለመንካት፣ ነጯን ጉድጓድ መክተት፣ ሁሉም ይቆጠራል። የጀማሪ ቆጣሪ ትልቁ ጉድለት የነጯን ቦታ አለማየት ነው፤ ኳሷ ስለገባች ምቱን መልካም ብሎ ያልፋል፣ በሚቀጥለው ምት ተጫዋቹ ሲስት ስህተቱን እዚያ ይጽፋል። ስህተቱ የተሠራው አንድ ምት ቀደም ብሎ ነበር።

ለመመዝገብ ባለ መስመር ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ጌም አንድ መስመር ይያዛል፦ «8፦ ብ0፣ ደ2፣ ሳ6፣ ተ9»። ይህ ማለት በስምንተኛው ጌም ብሬኩ (ጌሙን የሚከፍተው ምት) ምንም ኳስ አላስገባም፣ ሁለት ቁጥር ላይ ነጯን ደበቀ፣ ስድስትን ሳተ፣ ተቃራኒው ዘጠኝን አስገባ። ሙሉ ግጥሚያ አንድ ገጽ አይሞላም። ከሁሉም በላይ የብሬኩ ፊደል መዝለል የለበትም። ብሬኩ ኳስ የማያስገባለት ተጫዋች የቀረው ጨዋታው ቢያምርም ረጅም ሳምንት አይዘልቅም።

ብሬኩ በየተራ ነው ወይስ አሸናፊው ይደግማል የሚለውም ከላይ መጻፍ አለበት፤ እንደ ውድድሩ ይለያያል። አሸናፊ በሚደግምበት ደንብ አንዱ 6 ለ 0 ሲመራ፣ ሌላው ከወንበሩ ሳይነሳ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው አቋሙ ወረደ አይባልም፤ ገና አልታየም። በተከታታይ ሦስት ፋውል የሠራ ጌሙን እንደሚያጣም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ዘጠኟ ሳትገባ ውጤት ሲቀየር ቪዲዮው የተቆረጠ ይመስላል።

አጭር ጨዋታ ዕድል ነው

ፋርጎ ሬት የሚባለው ስሌት ተጫዋቾችን በአንድ ቁጥር ያወዳድራል። በ100 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች በአማካይ አንድ ጌም ሲያጣ ሁለት ይወስዳል፤ በ200 የሚበልጥ አንድ ሲያጣ አራት። የዓለም ምርጦች ከ800 በላይ ናቸው። ቁጥሩ የሚታመነው ቢያንስ 200 ጌም ከተመዘገበ በኋላ ነው፤ የቆዩ ጌሞች ክብደታቸው እየቀነሰ ይሄዳል።

ዋናው ጥቅሙ የግጥሚያ ርዝመት ምን እንደሚያደርግ ማሳየቱ ነው። የ100 ነጥብ ብልጫ ያለው ሰው አንድ ጌም ብቻ ቢጫወቱ ከመቶ 67 ጊዜ ያሸንፋል። ቀድሞ 3 የደረሰ በሚባል ግጥሚያ 79 ይሆናል፣ ቀድሞ 9 በሚባለው 92። ብልጫው 50 ሲሆን ቁጥሮቹ ወደ 59፣ 66 እና 76 ይወርዳሉ። በምርጦቹ መካከል የሚበዛው እንደ 20 ያለ ትንሽ ልዩነት ነው፤ ያኔ እስከ 9 ቢጫወቱ እንኳ የተሻለው የሚያሸንፈው ከመቶ 61 ጊዜ ያህል ነው። ከአሥር አራቱን ይሸነፋል፣ ምንም ሳይበላሽበት። አንድ ሽንፈት አይቶ «አበቃለት» የሚል ሰው ይህን ቁጥር አላየም።

የደረጃ ሰንጠረዥ

ሰንጠረዥ ሲታይ በምን እንደተሠራ መጠየቅ ይቀድማል፤ በሽልማት ገንዘብ ወይስ በነጥብ? ለምን ያህል ወራት? የጅዳው ሻምፒዮና በ2024 ጠቅላላ ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር፣ የአሸናፊው 250,000 ዶላር ነበር። በገንዘብ በሚሠራ ሰንጠረዥ እንዲህ ያለ አንድ ሳምንት የብዙ ትንንሽ ውድድሮችን ድካም ይውጣል። የቆየ ውጤት ጊዜው ሲያልፍ የሚወድቅበት ሰንጠረዥ ከሆነ ደግሞ፣ አምና ያሸነፈ ሰው ዘንድሮ ደህና ተጫውቶም ይወርዳል። የወርልድ ናይንቦል ቱርና የዓለም ፑል ማኅበር ሰንጠረዦች የተለያዩ ናቸው፤ የአንዱን ሦስተኛ ከሌላው አምስተኛ ጋር ማወዳደር ውጤት የለውም።

ሰዓቱ

ከዳርቻ ሆኖ ቀጥታ ለመከታተል ትልቁ ወጥመድ ሰዓት ነው። ጅዳ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ነው። ሃኖይ በአራት፣ ማኒላ በአምስት ሰዓት ይቀድሙናል፤ በሃኖይ ከምሽቱ 7፡00 ተብሎ በፈረንጅ የተጻፈ ግጥሚያ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ለንደን በእነሱ በጋ በሁለት፣ በክረምታቸው በሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ በበጋ ምሽት 7፡00 የሚጀምር ግጥሚያ ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ ተለውጧል፣ በእኛ ግን ገና አልነጋም። ፕሮግራሙ «ረቡዕ» ሲል ስልኩ «ሐሙስ» የሚለው ለዚህ ነው፤ በዚህ ምክንያት ግጥሚያ የሚያመልጠው ብዙ ነው።

ዳታ ለሚቆጥብ ሰው የውጤት ገጹ ከበቂ በላይ ነው። በመካከለኛ ጥራት ቪዲዮ አንድ ሰዓት ማየት ግማሽ ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ይበላል፤ እስከ 9 የሚደረግ ግጥሚያ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ቀኑን በውጤት ገጽ ተከታትሎ ሩብ ፍጻሜውን በቪዲዮ ማየት አዋጪ ነው።

በሰፈር ጠረጴዛ ላይ

ይኸው ዘዴ ለሰፈር ውድድርም ይሠራል፣ ሁለት ነገር ከተስተካከለ። የመጀመሪያው «አሸናፊ ይቆያል፣ የተሸነፈ ይከፍላል» የሚለው ልማድ ነው። አምሽቶ የቆየው ሰው ብዙ ጌም ስላሸነፈ ብቻ ምርጥ ይባላል፤ ስንት እንደተጫወተ ማንም አይቆጥርም። የጌም መቶኛ ከተያዘ ይህ ወዲያው ይታያል። ለውድድርም ቀድሞ 2 የሚለውን ወደ ቀድሞ 5 ማሳደግ፣ ቀኑ ካጠረ የተጫዋች ቁጥር መቀነስ ይሻላል። ካርቶን ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ድልድል ከአሸናፊው ስም ጎን የጌሙን ውጤት ካልያዘ በማግስቱ የሚነግረው ነገር የለም።

ሁለተኛው መሬቱ ነው። ብዙው የምሥራቅና የደቡብ ዳርቻ መረሬ አፈር ነው፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በስስ ሲሚንቶ ወለል ላይ የቆመ ጠረጴዛ በየወቅቱ ይጋደላል። በሐምሌ ቀጥ የነበረ፣ በጥር አንድ እግሩ ይሰምጣል። የሚፈተሸው በውሃ ልክ በአራቱም ማዕዘንና በመሃል ነው። ውሃ ልክ ከሌለ ነጯን በቀስታ፣ ሌላኛው ጫፍ ደርሳ ለመቆም በሚበቃት ኃይል ብቻ፣ በረጅሙ ጎን ማንከባለል ነው፤ መጨረሻ ላይ ወደ አንድ ወገን ከታጠፈች ጠረጴዛው አጋድሏል። ከዚያ ከተቃራኒው ጫፍ ይደገማል። በሁለቱም ጉዞ ወደ አንድ ግድግዳ ካጋደለች ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው፤ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ከሄደች ኳሷ ተበልታለች ወይም ጨርቁ ላይ አቧራ አለ። እስኪስተካከል ድረስ በደብተሩ ላይ ከውጤቱ ጎን መጻፍ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ «ጠረጴዛ 2፣ ወደ በሩ ያጋድላል»።