«ጥቅም ላይ ያልዋለ» የዜና ፊልም ሲባል ምን ማለት ነው?

ብሪቲሽ ፓቴ የተባለውን የብሪታንያ የዜና ፊልም ድርጅት የድሮ ፊልሞች ስታዩ አንዳንዶቹ ላይ «ጥቅም ላይ ያልዋለ» የሚል ማስታወሻ አለ። ብዙ ሰው የተበላሸ ወይም የታገደ ፊልም ይመስለዋል። አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥን ሳይስፋፋ በፊት የዜና ፊልም የሚታየው ሲኒማ ቤት ነበር፤ አንዱ ዕትም አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ደግሞ በርካታ ዜናዎች መታጨቅ አለባቸው። ካሜራማኑ ለአንድ ሰልፍ ብቻ ብዙ ፊልም ይቀርጻል፣ ኤዲተሩ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል፣ የተረፈው ተጠቅልሎ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። እሱ ነው «ጥቅም ላይ ያልዋለ» የሚባለው። አንዳንዴም ዜናው በሙሉ ሳይታይ ይቀራል።

ብዙዎቹ ድምፅ የላቸውም። ተራኪውና ሙዚቃው የሚገቡት ከኤዲቲንግ በኋላ ስለነበር ነው፣ ፊልሙ ተበላሽቶ አይደለም። ምስሉ የሚዘልበትም ምክንያት አለው፤ የተመረጠው ክፍል ብዙ ጊዜ ከዋናው ኔጋቲቭ (ካሜራው ውስጥ ከተቀረጸው የመጀመሪያ ፊልም) ላይ ተቆርጦ ይወሰድ ነበር። ቀኑና ቦታው በትክክል የማይታወቅም ሞልቷል፣ ስለዚህ መግለጫውን ዝም ብላችሁ አትመኑ።

እኔ ግን ከተላለፈው ይልቅ ይሄን እወዳለሁ። ባለሥልጣኑ ንግግሩን ሳይጀምር ክራቫቱን ሲያስተካክል፣ ሕፃን ልጅ ሌንሱ ላይ አፍጥጦ ሲቀር የምናየው እዚህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አልተላለፈም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ለራሳችሁ ቪዲዮ ልትጠቀሙበት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የመብቱን ባለቤት ጠይቁ።