በየክፍሉ የሚዛመተው የዓይን ሕመም ምንድን ነው?

ሐኪሞች ኮንጃንክቲቫይተስ ይሉታል። የዓይንን ነጭ ክፍልና የቆቡን ውስጠኛ ገጽ የሸፈነው ስስ ሽፋን ሲቆጣ የሚመጣ ሕመም ነው። ዓይን ይቀላል፣ ያነባል፣ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራል፤ ጠዋት ሽፋሽፍቱ በዓይናር ተጣብቆ አልገለጥ ይላል። ክፍል ሙሉ ተማሪ የሚያዳርሰው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ በተለይ ጉንፋንና የጉሮሮ ሕመምም የሚያመጣው አዴኖቫይረስ።

«ዓይኑን አትየው፣ ይጋባብሃል» ሳይባል ያደገ ጥቂት ነው። የታመመው ጥቁር መነጽር ያደርጋል፣ ሌላው ፊቱን ያዞራል። በመተያየት ግን አይተላለፍም። መነጽሩ ብርሃን ያስቸገረውን ልጅ ያሳርፈው ይሆናል እንጂ አጠገቡ የተቀመጠውን አያድንም። (እ.ኤ.አ. በ1969 ጋና ውስጥ የተነሣውን የዓይን ወረርሽኝ ሰዉ «አፖሎ 11» ብሎት ነበር፤ ሰው ጨረቃ ላይ ባረፈበት ሰሞን ስለመጣ። መነሻው ኋላ ላይ ኢንትሮቫይረስ 70 የተባለ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ።)

የሚያስተላልፈው በዋናነት እጅ ነው። ልጁ ዓይኑን ያሻል፣ በዚያው እጁ እስክሪብቶ ያውሳል፣ የዴስኩን ጠርዝ ይይዛል፤ ጓደኛው ያንኑ ነክቶ የራሱን ዓይን ያሻል፤ አለቀ። አዴኖቫይረስ ደረቅ ዕቃ ላይ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። አልኮልንም ከብዙ ቫይረሶች በተሻለ ስለሚቋቋም፣ በር ላይ የሚረጨው ሳኒታይዘር የውኃና ሳሙና ምትክ አይሆንም። ቧንቧው በደረቀበት ትምህርት ቤት ክፍሉ ደጃፍ የተቀመጠ አንድ ጀሪካን ውኃ ከነሳሙናው ብዙ ይሠራል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ነጠላችን አለ። እናት የታመመውን ዓይን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ታደርግና፣ ቆየት ብላ በዚያው ጫፍ የትንሿን ፊት ትጠርጋለች። የጋራ ፎጣና ትራስም ያው ነው። ለታመመው የራሱ ፎጣ ይሰጠው፤ ዓይናሩ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በራሰ ጥጥ ይጠረግ፣ ጥጡ ይጣል፣ የጠረገውም እጁን ይታጠብ።

በእኔ አስተያየት ከነጠላውም የሚብሰው ጠብታ መዋዋስ ነው። ከጎረቤት የተረፈው ጠብታ ጫፉ ዓይን ነክቶ ከሆነ ሕመሙን ራሱ ይዞት ይመጣል። አንቲባዮቲክ በቫይረስ ላይ አይሠራም፤ ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ደግሞ ያለ ምርመራ ከተወሰደ አንዳንዱን የዓይን ኢንፌክሽን ያባብሳል። የቫይረሱ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይሽራል። ወፍራም መግል የሚበዛበት የባክቴሪያው ዓይነት ግን መድኃኒት ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ቀይ ዓይን ሁሉ አይጋባም። አቧራና የአበባ ብናኝ በሚበዛበት ወቅት ሁለቱም ዓይኖች አንድ ላይ ቀልተው ከሕመሙ ይልቅ ማሳከኩ ከበረታ፣ አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ አለርጂ ያለበትን ልጅ ቤት ማስቀረት ትምህርቱን ከማጓደል በቀር ለማንም አይጠቅምም። የቫይረሱ ብዙ ጊዜ በአንዱ ዓይን ይጀምርና ከቀናት በኋላ ወደ ሌላው ይሻገራል። ዓይኑ እያነባ እጁን ከፊቱ ማራቅ ያልቻለ ትንሽ ልጅ ግን እስኪሻለው ቢቀር ይሻላል፤ የቀረበትን ትምህርት ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል።

እይታው ከደበዘዘ፣ ዓይኑ ብርሃንን ፈጽሞ መቋቋም ካቃተው፣ ሕመሙ ከጠና፣ ወይም የታመመው አራስ ሕፃን ከሆነ፣ ያኔ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይወሰድ።