የስርጭት መጠን ምንድን ነው? የጉበት ሕሙማን ላይ አዲስ ቫይረስ ተገኘ ሲባል

«ከጉበት ሕሙማን ግማሽ በሚጠጉት ላይ አዲስ ቫይረስ ተገኘ» የሚል ዜና ስታዩ ቶሎ አትደንግጡ። ከጤነኞቹስ ስንቱ ላይ ተገኘ በሉ።

የስርጭት መጠን ማለት በአንድ ወቅት ከተመረመሩት ሰዎች ውስጥ ስንቱ ላይ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። በቃ። በሽታውን ያመጣው ማን እንደሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይነግራችሁም። ጥቁር አንበሳ ሄዳችሁ ለጉበት ክትትል ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ ቡና ይጠጣ እንደሆነ ብትጠይቁት አብዛኛው አዎ ነው የሚላችሁ። ታዲያ ቡና ጉበት ያሳምማል ልትሉ ነው? ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወጥታችሁ ፒያሳ ታክሲ የሚጠብቀውንም ጠይቁት፣ መልሱ ያው ነው።

ይሄ ነገር ሳይንቲስቶችም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ ደም ከወሰደ በኋላ ጉበቱ የታመመ ሰው ነበር፤ የታወቁት የሄፓታይተስ ቫይረሶች ሁሉ ተፈልገው የሉበትም። ደሙ ውስጥ አዲስ ቫይረስ ተገኘ፣ በታማሚው ስም መነሻ ፊደላትም ቲቲ ተባለ። በዓመቱ የወጣ ጥናት መንስኤው ያልታወቀ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ካለባቸው 90 ሰዎች 41ዱ ላይ አገኘው፣ ከደም ለጋሾች ግን 12 በመቶው ላይ ብቻ። 46 በመቶ ለ12! እኔ ዳኛ ብሆን እዚያው እፈርድበት ነበር።

በዚያው ዓመት ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ፕራይመሩን ቀየሩት። ፕራይመር በፒሲአር ምርመራ የቫይረሱን ዘረመል ፈልጎ የሚይዝ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ነው፤ የመጀመሪያው ብዙዎቹን የቲቲ ዝርያዎች ዝም ብሎ ያልፋቸው ነበር። በአዲሱ ሲታይ ከተራው የጃፓን ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ቫይረሱን ተሸክሞ ይዞራል! ጉበት እንደሚያሳምም እስከ ዛሬም አልተረጋገጠም። ታዲያ ያ የ46 ለ12 ልዩነት ከየት መጣ? አንዱ ሊሆን የሚችል ምክንያት ይሄ ነው፦ ብዙ ጊዜ ደም የወሰደና መርፌ የበዛበት ሰው በደም የሚተላለፈውን ሁሉ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ያ ማለት ሕመሙ ቫይረሱን አስከትሎ ሊሆን ይችላል እንጂ ቫይረሱ ሕመሙን አመጣ ማለት አይደለም። (እኛም እኮ ዓይኑ ቢጫ የሆነውን ሁሉ «የወፍ በሽታ» እያልን በሌሊት ወፍ ስናላክክ ነው የኖርነው።)

እውነተኛ ጥፋተኛ ሲገኝ ምን እንደሚመስል ለማየት ሄፓታይተስ ሲን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሲታወቅ፣ ያኔ «ሄፓታይተስ ኤም ሄፓታይተስ ቢም ያልሆነ» ይባል የነበረው ደም ከተወሰደ በኋላ የሚመጣ የጉበት በሽታ ከያዛቸው አብዛኞቹ ላይ ተገኘ፣ ጤነኛ ለጋሾች ላይ ግን እምብዛም። የለጋሾች ደም በምርመራ መጣራት ሲጀምር ደግሞ በደም የሚመጣው በሽታ አሽቆለቆለ፤ ከመቶኛው ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ይሄ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ደም ስትለግሱም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። ቲቲን የሚፈልግ የለም።

ቲቲ ግን ሌላ ሥራ እየተፈለገለት ነው። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም መጠኑ በደም ውስጥ ስለሚጨምር፣ ኩላሊት የተተካላቸው ሰዎች መከላከያቸውን የሚያዳክመው መድኃኒት በዝቶባቸው ወይም አንሷቸው እንደሆነ ለማወቅ ሐኪሞች እየለኩት ነው።