የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን የሰውነት እንቅስቃሴ፣ በሐዋሳ

አዛውንት መርሳት ሲያበዙ «ጃጅተዋል» ይባልና ወንበር ይቀርብላቸዋል። ከዘራቸው ጥግ ይቆማል፣ ቡናውም እጃቸው ድረስ ይመጣል። ነገሩ ከአክብሮት ነው። ግን ያልሠራ እግር ጡንቻው ቶሎ ይሟሽሻል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ቤተሰቡን ከመርሳታቸው ይልቅ ከአልጋ ማንሳቱ ያስቸግረዋል።

ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት በሽታ አንድ ሕመም አይደለም። አንጎልን የሚጎዱ ብዙ ሕመሞች ያመጡታል። ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው አልዛይመር ነው። ስሙን ያገኘው በ1906 እ.ኤ.አ. ለሙያ ባልደረቦቹ ካስተዋወቀው ከጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ነው።

ስፖርት ያድነዋል የሚል ካጋጠማችሁ አትስሙት። በእንግሊዝ 494 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነበር። ጠንከር ያለው ስፖርት ሰውነታቸውን አበረታ፤ የአእምሮውን መድከም ግን አላዘገየም። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። ከወንበር መነሳት፣ መታጠብ፣ ሽንት ቤት በራስ እግር ደርሶ መመለስ። ለእኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሐዋሳ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ብትሆንም መሬቷ ሜዳ ነው። ዳገት የተባለው ታቦር ነው፤ እሱን ለጎረምሶች እንተወው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳር ነፋሻ ነው፣ ፀሐዩም ገና አልከረረም። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ደግሞ ዓሣው ሲበለት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትራፊ ይጠብቃሉ። ይሄን እያዩ ዝምተኛውም ሰው ወሬ ይጀምራል። መሬቱ ግን እርጥብ ስለሆነ ያዳልጣል፤ ራቅ ብሎ ማየት ይሻላል። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ከእኩዮቹ ይልቅ ለመውደቅ የተጋለጠ ነው።

አንድ ጠዋት ሐይቁ ዳር እናትና ልጅ አየሁ። ልጅቷ «እማዬ፣ እንሂድ» ትላለች፤ እናት ፍንክች አላሉም። ደገመች፣ ሰለሰች። በመጨረሻ ዝም አለችና ክንዷን ብቻ አቀረበችላቸው። ያዙት፣ እግራቸውም ተከተለ። ቃሉ ቢጠፋም ሰውነት ዕድሜ ልኩን የለመደውን ቶሎ አይረሳም።

ቤት ውስጥም የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ግድግዳ ከተደገፈ ወንበር አምስት ጊዜ ተነስቶ መቀመጥ። ጠረጴዛ ይዞ በእግር ጣት መቆም። ዘነዘና ለማንሳት አቅም ያላቸው እናት ቡና ይውቀጡ እንጂ ለምን ይከለከላሉ? እስክስታም ቢሆን ተቀምጦ ይቻላል፤ ትከሻ ወንበር አያግደውም። ከሚወዱት ዘፈን ጋር ከሆነማ ማስረዳትም አያስፈልግ፣ ማሳየት ይበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት አረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ሚዛንና ጡንቻ የሚያጠናክሩትንም በሳምንት 3 ቀን እንዲሠሩ ይመክራል። 10 ደቂቃ ብቻ የቻለ ደግሞ በ10ሩ ይጀምር። ደረቱን የሚያመው ወይም የሚያዞረው ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ከመውጣታችሁ በፊት ነጠላ ጫማውን ተረከዝ በሚይዝ ጫማ ቀይሩላቸው። ውኃም ስጧቸው፤ ጥማታቸውን ላይናገሩ ይችላሉ። የልጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትም ኪሳቸው ይግባ፤ ዘወር ስትሉ ባጃጅ ውስጥ ገብተው ሊሆን ይችላል።