እያለቀሰ «ደስ ይበላችሁ» ያለው ሐዋርያ

«ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ፤ ደግሜ እላለሁ፥ ደስ ይበላችሁ።» ይህ ቃል በብዙዎቻችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በሠርግም በምረቃም ይነበባል። ለቅሶ ቤትም ይዘነው እንገባለን። ልጇን የቀበረች እናት አጠገብ ቁጭ ብለን «እህቴ፣ አማኝ እንዲህ አያለቅስም፤ ቃሉ ደስ ይበላችሁ ነው የሚለው» እንላታለን። እሷም እንባዋን ዋጥ ታደርጋለች። ልጇን ማጣቷ ሳያንስ፣ አሁን ደግሞ «እምነቴ ጎድሎ ነው ማለት ነው» እያለች ትብሰለሰላለች።

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል የጻፈው ጳውሎስ በእንዲህ ያለ መንገድ አልተጠቀመበትም።

የፊልጵስዩስን መልእክት ከፍታችሁ ከምዕራፍ 4 ቁጥር 4 ጥቂት ወደ ላይ ውጡ። ምዕራፍ 3 ቁጥር 18 ላይ «አሁንም እንኳ እያለቀስሁ እላለሁ» ይላል። ደስ ይበላችሁ ከማለቱ ከጥቂት መስመሮች በፊት እያለቀሰ ነበር ማለት ነው! ምዕራፍ 2 ላይ ደግሞ ስለ አፍሮዲጡ ይናገራል። የፊልጵስዩስ ምእመናን ስጦታ አስይዘው የላኩት ወንድም ነው፤ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። እግዚአብሔር ሲምረው ጳውሎስ ምን አለ? «ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ» እግዚአብሔር ለእኔም ጭምር ምሕረት አደረገልኝ አለ። ልብ በሉ፣ አስቀድሞም ኀዘን ነበረው። ሌላ ቢጨመርበት እንደሚከብደው አልደበቀም። እምነቱ ኀዘኑን እንዲክድ አላስገደደውም። ጌታችንም ቢሆን አልዓዛርን ሊያስነሣው መሆኑን እያወቀ አልቅሷል።

ታዲያ ደስታው ከየት መጣ? «በጌታ» ይላል እኮ። በእስሩ ደስ ይበላችሁ አላለም። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ ታስሯል፤ ይፈታ ወይም ይገደል ገና አልታወቀም። ይባስ ብሎ በእስራቱ ላይ መከራ ሊጨምሩበት በቅንዓት ወንጌል የሚሰብኩ ሰዎች አሉ። እሱ ግን ክርስቶስ ይሰበካልና በዚህ ደስ ብሎኛል አለ። በሕይወትም ሆነ በሞት ክርስቶስ እንደሚከብር ያምናል። ወረድ ብሎም «ጌታ ቅርብ ነው» ይላል። ደስታው የተተከለው ፍርድ ቤቱም ሆነ በሽታው በማይደርስበት ቦታ ነው። ለዚህ ነው ኀዘኑ ሲመጣ ደስታው ቦታ የማይለቀው፤ ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ያድራሉ።

የፊልጵስዩስ ሰዎች ይህን ከጳውሎስ አፍ ብቻ አልሰሙም፤ በዓይናቸው ያዩ ነበሩ። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን አንብቡ። ጳውሎስና ሲላስ በከተማቸው ልብሳቸው ተገፎ በበትር ተደብድበዋል። የወኅኒ ጠባቂው በውስጠኛው ክፍል ጥሎ እግራቸውን ከግንድ ጋር ጠርቆታል። በመንፈቀ ሌሊት እየጸለዩ እግዚአብሔርን በዜማ ያመሰግኑ ነበር። አንድ ነገር ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን፤ ቁስላቸው የታጠበው ከምድር መናወጡ በኋላ፣ በዚያው ጠባቂ እጅ ነው። ሲዘምሩ ጀርባቸው አልታጠበም፤ ደሙም እላያቸው ላይ ነበር። ሕመሙ እስኪያልፍ አልጠበቁም፤ አላመመንምም አላሉም።

ደግሞ ደስታ በሰው እጅም ይመጣል። በዚያ ዘመን እስረኛ በአብዛኛው የሚኖረው ወዳጅ ዘመድ በሚያመጣለት ነበር። እኛም አገር ስንቅ ማመላለስ ምን እንደሆነ የምናውቅ ብዙ ነን። ጳውሎስ በመልእክቱ መጨረሻ «በመከራዬ ከእኔ ጋር አብራችሁ መካፈላችሁ መልካም አደረጋችሁ» ብሎ ያመሰገናቸው ለዚህ ነው።

በወላይታም የሆነው ይኸው ነው። በ1937 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጣልያን ሚስዮናውያኑን ሲያስወጣ፣ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ ያህል ነበሩ። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ። ምእመናኑ ግን ምግብ እየተሸከሙ ወኅኒ ቤት ይመላለሱ ነበር፤ የሚያመጡት ለማያምኑት እስረኞችም ይተርፍ ነበር። ያዩ ሰዎች «እንዲህ የሚዋደዱ እነማን ናቸው?» ማለታቸው አይቀርም። ጦርነቱ አልፎ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት አማኝ በሺዎች የሚቆጠር ነበር፤ አሥር ሺህ ገደማ ይባላል። እነዚያ ሰዎች መከራቸውን አቅልለው አላዩትም፤ አብረው ተሸከሙት እንጂ።

ስለዚህ ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ጥቅሱን ለመጥቀስ አትቸኩሉ። መጀመሪያ አብራችሁ አልቅሱ። ሮሜ 12 ላይም «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» ተብሏል። ቡናውን አፍሉ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጡ፣ ሆስፒታል ወረፋ ያዙ። ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣ ከአርባው ወዲያ፣ እንደገና ሂዱ። ያን ጊዜ ነው ቤቱ ጭር የሚለው።

በመከራ ውስጥ ላላችሁት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የምርመራ ውጤት የምትጠብቁ፣ ሥራ ያጣችሁ፣ ሰው አገር ሆናችሁ የእናታችሁን ሞት በስልክ የሰማችሁ፣ መዝሙሩ ከአፋችሁ አልወጣ ካለ ጌታ አይቆጣችሁም። ለእሱ እንደሆነው ንገሩት፤ ከመዝሙረ ዳዊት ሲሶው ያህል እንዲህ ያለ ጩኸት ነው። በዚያች ሌሊት ጳውሎስ ብቻውን እንዳልነበረም አስታውሱ፤ ሲላስ አጠገቡ ነበር። የእናንተ ሲላስ ማን ነው? ዛሬ ማታ ደውሉለት። «መጸለይ አቅቶኛል፣ አንተ ጸልይልኝ» በሉት። እሱ ይጸልይ፤ እናንተ «አሜን» ካላችሁ ይበቃል። እሱም ካቃታችሁ ዝም ብላችሁ ስሙት።