የሞተር ብስክሌት መከላከያ ልብስ፦ ጥራቱና ዋጋው የሚመዘንበት መንገድ

የሞተር ብስክሌት መከላከያ ልብስ ነጂው ሲወድቅ ሰውነቱን ከአስፋልት ፍትጊያና ከምት ለመጠበቅ የሚሠራ ጃኬት፣ ሱሪ፣ ጓንትና ቦት ጫማ ነው። በውድቀት ጊዜ ከልብሱ ሦስት ነገር ይጠበቃል፦ በአስፋልት ላይ እየተንሸራተተ ሳይበሳ መቆየት፣ ስፌቱ ሳይተረተር አንድ ላይ መያዝ፣ እንዲሁም በትከሻ፣ በክርን፣ በዳሌና በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ምት ማለዘብ። ከሦስቱ አንዱንም ገዢው ሱቅ ውስጥ በዓይኑ ማረጋገጥ አይችልም። ስለዚህ ብዙ ሰው በክብደቱ፣ በአምራቹ ስምና በዋጋው ይመዝናል፤ እነዚህ ግን ደካማ ምስክሮች ናቸው።

በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራና በአካባቢዋ አደጋ የደረሰባቸውን 212 ነጂዎች የመረመረና በ2011 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናት ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አሳይቷል። ለሞተር ተብሎ የተሠራ ጃኬት፣ ሱሪና ጓንት የለበሱት ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው ካልለበሱት በግልጽ ያነሰ ነበር። ይሁን እንጂ በአደጋው ወቅት ከጃኬቶቹ 29.7፣ ከሱሪዎቹ 28.1፣ ከጓንቶቹ ደግሞ 25.7 በመቶ ያህሉ ተቀደው ወይም ተተርትረው ሥራቸውን ሳይፈጽሙ ቀርተዋል። መልበስ እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም፤ ሆኖም የመከላከያ ልብስ ተብሎ የተሸጠ ሁሉ መከላከያ እንዳልሆነም ጥናቱ ያስረዳል።

በአውሮፓ ኅብረት የሞተር ልብስን ጨምሮ ስለ ግል መከላከያ ዕቃዎች የወጣው ደንብ 2016/425 ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በደንቡ መሠረት መከላከያ ተብሎ የሚሸጥ የሞተር ልብስ ዕውቅና በተሰጠው መርማሪ ተቋም መፈተን አለበት። ለጃኬትና ለሱሪ የሚያገለግለው የአውሮፓ መስፈርት ኢኤን (EN) 17092 ሲሆን፣ በ2020 የወጣው ይህ መስፈርት ልብሱን ኤኤኤ፣ ኤኤ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ይመድባል። ጨርቁ ወይም ቆዳው በመሣሪያ ላይ ከተሽከረከረ በኋላ በኮንክሪት ላይ ተጥሎ እስኪቆም ይፈተጋል፤ ለአደጋ እጅግ የተጋለጡት የልብሱ ክፍሎች በኤኤኤ በሰዓት 120፣ በኤኤ 70፣ በኤ ደግሞ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነ ፍጥነት ጋር የሚመጣጠነውን ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። ቢ ፍትጊያን ይከላከላል እንጂ ምት የሚያለዝብ ንጣፍ የለውም፤ ሲ የሚሰጠው ደግሞ ከሌላ ልብስ ጋር ለሚለበስና ንጣፍ ብቻ ለያዘ ዕቃ ነው።

ገዢው ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቅበት የሚገባው፣ ዕቃው ደንቡን ማሟላቱን የሚያሳየው የሲኢ (CE) ምልክት የተለጠፈበት ቦታ ነው። በክርንና በትከሻ ኪስ ውስጥ የሚገባው ንጣፍ የራሱ መስፈርት አለው፤ ይኸውም ኢኤን 1621 ነው። የእጅና የእግር ንጣፍ በ50 ጁል ጉልበት ሲመታ ወደ ሰውነት የሚያሳልፈው ኃይል በአማካይ ከ35 ኪሎኒውተን ካልበለጠ ደረጃ 1፣ ከ20 ካልበለጠ ደረጃ 2 ይባላል። ለጀርባ ንጣፍ ወሰኑ ጥብቅ ነው፤ 18 እና 9 ኪሎኒውተን። ልብሱ ራሱ ሳይፈተን የንጣፉን የሲኢ ምልክት ብቻ እያሳዩ መሸጥ ለዓመታት የተለመደ ነበር፤ ገዢውም ጃኬቱ በሙሉ የተመሰከረለት ይመስለው ነበር። ስለሆነም የደረጃው ፊደልና የመስፈርቱ ቁጥር በልብሱ የውስጥ መለያ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት። ጓንት ኢኤን 13594ን፣ ቦት ጫማ ደግሞ ኢኤን 13634ን መያዙ ይታያል።

መለያውም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። ለምርመራ የሚቀርበውን ናሙና የሚያቀርበው አምራቹ ነው። በዚህ ረገድ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ የመንግሥት ተቋማት በ2018 የጀመሩት ሞቶካፕ የተባለው መርሐ ግብር ሊመሰገን ይገባዋል፤ ልብሱን እንደማንኛውም ሸማች ከሱቅ ገዝቶ ያስፈትናል፣ ውጤቱንም ለመከላከያ ብቃትና ለሙቀት ምቾት ለየብቻ በኮከብ ያወጣል። ሁለቱን መለየቱ ትክክል ነው፤ ሙቀት የሚያፍን ልብስ በበጋ ቤት ይቀራልና።

ከጥሬ ዕቃዎቹ መካከል ቆዳ ዛሬም ተመራጭ ነው፤ ለጃኬት ከ1.2 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ የተለመደ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ቀጭን ሆኖ ጥቅጥቅና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስመ ጥር ነው። የወደቀ ሰው ግን መሬቱን አስቀድሞ የሚያገኘው በመዳፉ ስለሆነ፣ ቆዳው የቱንም ያህል የተመረጠ ቢሆን የሞተር ጓንት መዳፉ ላይ መደረብ፣ አንጓው ላይም እንዳይወልቅ በማሰሪያ መጥበቅ አለበት። ተራ ጂንስ አስፋልት ላይ ወዲያው ይበሳል፤ ከአራሚድ ወይም ከሌላ ጠንካራ ክር ጋር የተሠራው ይሻላል፣ ሆኖም ክሩ የገባው ጉልበትና መቀመጫ ላይ ብቻ መሆን አለመሆኑ ይጠየቃል። ስፌትን ለመመዘን ልብሱን ገልብጦ ማየት ይጠቅማል፤ ትከሻና ክርን ላይ በአንድ መስመር ብቻ የተሰፋ ልብስ ሲወደቅ ለመተርተር ቅርብ ነው።

ዋጋን በተመለከተ፣ ተጨማሪው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ውኃ ለማያስገባ ስስ ሽፋን፣ ለአየር ማስገቢያና ለአምራቹ ስም ነው። እነዚህ በዝናብና በረጅም መንገድ ይጠቅማሉ፤ ፍትጊያን ግን አይከላከሉም። ከ2018 ጀምሮ ሞቶ ጂፒ በተባለው የዓለም የሞተር ብስክሌት ውድድር ግዴታ የሆነው በአየር የሚነፋ መከላከያ ትከሻንና አካባቢውን በእርግጥ ይጠብቃል፤ ሲገዛ ግን ከተነፋ በኋላ መልሶ ለማዘጋጀት የሚወጣው ወጪ አብሮ መታሰብ አለበት። ልኩ ያልሆነ ውድ ጃኬት ልክ ከሆነ ርካሽ ጃኬት ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ እንደ መንዳት ተቀምጦ፣ እጅን ዘርግቶ የክርኑን ንጣፍ መግፋት ያስፈልጋል፤ ከአጥንቱ ላይ ከተንሸራተተ ሲወደቅም አይገኝም። ያገለገለ ልብስ ሲገዛ የደረቀ ቆዳና የሻገተ ክር ይፈተሻል፤ የፀሐይ ብርሃን አራሚድን ስለሚያዳክም ለዓመታት መስኮት ላይ ተሰቅሎ የኖረ ልብስ በቅናሽም ቢሆን አይመረጥም።