ብርቅዬ ምንድን ነው? «የት» እና «ስንት» ለተምታታባቸው

የጭላዳ ፎቶ በወጣ ቁጥር ከሥሩ «ከምድረ ገጽ እየጠፋ ያለው ብርቅዬ እንስሳ» የሚል ጽሑፍ አይታጣም። ፎቶው የተነሣው መንዝ ጓሳ ይሁን ደብረ ሲና ገደል አፋፍ፣ መግለጫው ያው ነው፤ አንዱ ከሌላው ገልብጦታል። ጭላዳ ብርቅዬ መሆኑ ልክ ነው። እየጠፋ ነው የሚለው ግን ከየት መጣ? ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ ጭላዳን ያስቀመጠው የመጥፋት ሥጋታቸው ዝቅተኛ ከሆኑት ተርታ ነው። ጸሐፊው መዝገቡን አላየም። «ብርቅዬ» የሚለውን ቃል አየና የቀረውን ከቃሉ ሆድ አወጣው።

ብርቅዬ ማለት በተፈጥሮው ከአንድ ከታወቀ ቦታ በቀር ሌላ የትም የማይገኝ ማለት ነው። «የት ይገኛል?» ለሚለው መልስ ይሰጣል፤ «ስንት ቀረ?» ለሚለው ምንም አይልም።

እርግጥ ቃሉም ራሱ ያሳስታል። «ምን ብርቅ አለው?» ስንል በየቦታው ሞልቷል ማለታችን ነው፤ «ብርቅ ሆነበት» ስንል አይቶት አያውቅም ማለታችን። ሥሩ የብርቅነትን ትርጉም ይዞ ሳይንሱ ውስጥ ገባ። ስለዚህ አንባቢ ቢሳሳት አይፈረድበትም፤ ስለ ዱር እንስሳት እጽፋለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ሲሳሳት ግን ይፈረድበታል።

በመንዝ በርኖስ እንመስለው። በርኖስ የሚሸመነው መንዝ ብቻ ነው እንበል። ይህ የሚነግረን የተሸመነበትን ቦታ ነው። በየቤቱ ሺህ በርኖስ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ብቻ ቀርቶም ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም ጊዜ «የመንዝ ብቻ» የሚለው እውነት ነው። ነጋዴ አዲስ አበባ ወስዶ ቢሸጠው ደግሞ የአዲስ አበባ ሥራ አይሆንም። ጀማ ሸለቆ ውስጥ ካሉት ቆቆች አንዱ፣ ጥቁር ምንቃር ያለው ትልቁ የኤርከል ቆቅ፣ ለአደን ተብሎ ሃዋይ ደሴቶች ድረስ ተወስዶ እዚያ ተራብቷል፤ ስለ ሃዋይ አደን የሚጽፉ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። አገሩ ግን አሁንም ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሱዳን ነው። በሦስት አገር ስለሚገኝም የኢትዮጵያ ብርቅዬ አይባልም። በዚያው ሸለቆ ያለው፣ ምንቃሩና የዓይኑ ዙሪያ የቀላው የሃርውድ ቆቅ ግን ብርቅዬ ነው። «ጀማ ላይ ቆቅ አየን» ብሎ የሚጽፍ ሰው የምንቃሩን ቀለም ካልጠቀሰ የትኛውን እንዳየ ማንም ሊያውቅለት አይችልም።

በርኖሱን ትንሽ እናቆየው። በርኖሱ የሚሸመነው መንዝ ጌራና መንዝ ማማ ውስጥ ከሆነ «የመንዝ ብቻ» ማለት ይቻላል፤ «የጌራ ብቻ» ማለት ግን አይቻልም። ሸማኔው ሳይነቃነቅ የወሰኑ መስመር ብቻ ቃሉን እውነት ወይም ሐሰት ያደርገዋል። በወፎቻችን ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ በቆዩ ጽሑፎች የኢትዮጵያ ብርቅዬ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን፣ ቁራው ከነበረበት ሳይነሣ፣ የሁለት አገር ወፍ ሆነ። ዛሬም ከአሮጌ ዝርዝር እየገለበጡ «በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ» የሚሉ አሉ። ስለዚህ «ብርቅዬ» ብቻውን ያልተጠናቀቀ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የኢትዮጵያ? የኢትዮጵያና የኤርትራ? የአንድ ተራራ? ካልተባለ ትርጉም የለውም። (የበርኖሱ ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። በርኖስ ቢያልቅ ሸማኔው ሌላ ይሠራል፤ እንስሳ ግን በትእዛዝ አይሠራም።)

ወሰኑ በእውቀት ማነስ የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ። በአንኮበር ስም የምትጠራው ትንሽ ወፍ ለሳይንስ የተገለጸችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የምትታወቀው በአንኮበር ገደላማ አፋፍ ብቻ ነበር። በኋላ ሰሜን ተራሮች ላይም ተገኘች። የኢትዮጵያ ብርቅዬነቷ አልተለወጠም፤ «ከአንኮበር በቀር የትም የለችም» የሚለው ግን ካለፈበት ቆይቷል። ስሟ አንኮበር ስለሆነ ብቻ ይህን የሚደግሙ የጉዞ ጽሑፎች ዛሬም ይወጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። «አንድ አገር ብቻ ካለ ቁጥሩ ማነሱ የት ይቀራል?» የሚል መልስ የሚሰጥ አስተያየት ሰጪ አለ። ግማሽ እውነት አለው፤ መኖሪያው የጠበበ ዝርያ አንድ ወረርሽኝ ወይም አንድ ቃጠሎ ሊጨርሰው ይችላል። ይህ ግን ሊደርስ የሚችል አደጋ እንጂ ቆጠራ አይደለም። ጓሳ ላይ የሚቆመው ጅብራ ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለ ተክል ነው፤ በየዳገቱ ግን ሞልቷል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ብርቅዬም ነው፣ በአደጋ ላይም ነው፤ በመላው አገሪቱ ከ500 አይበልጥም፣ ከዚያም ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ቀይ ቀበሮን አደጋ ላይ የጣለው ብርቅዬነቱ አይደለም። ደጋው እየታረሰ መኖሪያው መጥበቡና ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ናቸው። የተገላቢጦሹን ለማየት በየቄራው የሚያንዣብበውን ኮፍያ ለባሽ ጥንብ አንሣ ተመልከቱ። ከሰሃራ በታች ባሉ ብዙ አገሮች ስለሚኖር ማንም ብርቅዬ አይለውም፤ በቀይ መዝገብ ግን ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት ጋር ተመድቧል። በየቀኑ ስለምናየው ፎቶውን የሚለጥፍ የለም።

«ብርቅዬ ስለሆነ አደኑ ክልክል ነው» የሚለውም ከዚሁ ስሕተት የተወለደ ነው። የአደን ፈቃድ በዝርያ፣ በቦታና በኮታ የሚወሰን ነገር ነው። በ1910 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተገለጸው ደጋ አጋዘን ብርቅዬም ነው፣ በአደጋ ላይም ነው፤ ሆኖም በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች በፈቃድና በኮታ ሲታደን ኖሯል። መታደን ነበረበት ወይስ አልነበረበትም ሌላ ክርክር ነው፤ ቃሉ ግን አይፈታውም። ደጋ አጋዘን ራሱን የቻለ ዝርያ ነው፣ የምኒልክ ድኩላ ግን የድኩላ ንዑስ ዝርያ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቁጥር ደምሮ «ይህን ያህል ብርቅዬ እንስሳት አሉን» ማለት በርኖሱንና የበርኖሱን ጥልፍ አብሮ እንደ መቁጠር ነው። «ሀገር በቀል»ም ሌላ ነው። ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ያለው ጽድ ሀገር በቀል ነው፤ ግን ከዓረብ ምድር እስከ ዚምባብዌ ይበቅላል።

ኢንተርኔት በአደንና በዱር ጉዞ ጽሑፍ ላይ ያመጣው ለውጥ ብዙ ነው፤ በዚህ ቃል ላይ ያደረገው ግን ለብቻው መነገር አለበት። በወረቀት መጽሔት ዘመን «የኢትዮጵያ ብርቅዬ የሆነው» የሚለው ሐረግ ቦታ ነበረው፣ ከማተሚያው በፊትም የሚያየው አርታኢ ነበር። ስሕተት ቢያልፍ እርማቱ በሚቀጥለው እትም ያንኑ አንባቢ ያገኘው ነበር። ዛሬ ርእስ ማጠር ስላለበት መጀመሪያ የሚቆረጠው የቦታው ስም ነው፤ «ብርቅዬ» ለብቻው ይቀርና አንባቢ ይስባል። ቅጂው መቶ ቦታ ከደረሰ በኋላ እርማቱ አይከተለውም። ይባስ ብሎ፣ ከጽሑፉ የወጣው ቦታ ከፎቶው ፋይል ውስጥ ቁጭ ብሏል። ስልኩ የቦታ መረጃው ካልተዘጋ ፎቶው የተነሣበትን ነጥብ በሜትር ይመዘግባል። መነገር ያለበት ቦታ ተሰርዞ፣ መደበቅ ያለበት ቦታ ይሰራጫል።

ቴሌግራም ላይ ፎቶን እንደ ፎቶ ከላኩት ይህ መረጃ ይራገፋል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለው እንደ ፋይል ከላኩት ግን አብሮ ይሄዳል። የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ፎቶ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ቡችሎች አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ይወለዳሉ፤ በዚያ ወቅት ሰው ሲመላለስባት እናቲቱ ቡችሎቹን በአፏ እያነሣች ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራለች፣ በብርድና በንስር ዓይን ሥር። ስለዚህ ካሜራው ላይ የቦታ ፈቃዱን መዝጋት፣ ቦታውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ዲግሪ መጻፍ ካስፈለገም ከአንድ አሥርዮሽ (ከነጥቡ በኋላ ከአንድ አሃዝ) አለማለፍ። በእኛ አካባቢ አንድ አሥርዮሽ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለት አሥርዮሽ 1 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አራት አሥርዮሽ 11 ሜትር። በአንድ አሥርዮሽ የሚታጠረው ስፋት ከጓሳ ጥብቅ ስፍራ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ጓሳ መሆኑ ይታወቃል፣ ጉድጓዱ አይታወቅም።

መግለጫው ላይ የእንስሳው ስም በትክክል ይግባ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮም ተኩላም ስላሉ «ቀበሮ» ብሎ መተው አይበቃም። ቀይ ቀበሮ ቀለሙ የዛገ ብረት ነው፤ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ድንበሩ የለየ ነጭ አለው፣ አፈሙዙ ቀጭንና ረጅም፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው። ተኩላ ግራጫ ቢጫ ነው፤ ቀለሙም እንዲህ በወሰን አይለይም። ከስሙ ቀጥሎ «የኢትዮጵያ ብርቅዬ» ወይም «የኢትዮጵያና የኤርትራ ብርቅዬ» ተብሎ ይጻፍ። የመጥፋት ሥጋቱ ከተጠቀሰ በሌላ ዓረፍተ ነገር፣ ግምገማው ከተደረገበት ዓመት ጋር ይሁን፤ ደረጃው ይለወጣላና። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨመቅ የሚፈልግ ካለ ቢያንስ «ስለዚህ» የሚለውን ቃል በመካከላቸው አያስገባ።